ገበሩ አልሳበም

ማክሰኞ፣ 3

ሱቁን በስምንት ሰዓት ዘግቼ ወጣሁ። ለጎረቤቴ ለጫማ ሻጩ «ዕቃ ላመጣ ነው» አልኩት። በየስድስት ወሩ እንዲህ እለዋለሁ፤ ባዶ እጄን ስመለስ ደግሞ «በዋጋ አልተስማማንም» እለዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር መስማማት ያቃተኝ ነጋዴ መሆኔ እስካሁን አልገረመውም።

የምርመራ ክፍሉ ይበርዳል። መሣሪያውን የምትይዘው ባለሙያ ቀዝቃዛውን ቅባት ደረቴ ላይ እያፈሰሰች «ዛሬስ ማንን ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ። ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች።

«ማንንም።»

«በሚቀጥለውስ?»

«በሚቀጥለው እናያለን።»

ምንም አልተገኘም። ለስድስት ወር ንጹሕ ነኝ። እንደ ሱቅ ኪራይ ነው፤ ይታደሳል እንጂ የራስ አይሆንም።

ሐሙስ፣ 5

ስብሰባ። ክፍሉ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ደረጃ፣ አሥራ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የማይገጥም መስኮት። የሚሰበሰቡት ካንሰር በዘራቸው የሚወርድባቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ታመው የዳኑ፣ አንዳንዶቹ ገና ያልታመሙ። ያልታመሙት ራሳቸውን «ተረኞች» ብለው ይስቃሉ። የምትመራን ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ የምታስቀን የአውቶቡስ ሹፌር ናት። ሹፌሯ ሳትታመም ሁለቱንም ጡቷን አስወግዳለች። «ሁለቱንም ተሳፋሪ በጊዜ አወረድኳቸው፤ ሒሳብ አልከፈሉም ነበር» ትላለች።

መምጣት ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያ ቀን መምህርት «ለራስሽ ነው?» ስትለኝ፣ «እህቴን ወክዬ ነው፤ በደሟ ተገኝቶባታል፤ እሷ ለመምጣት ፈራች» አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ስለ እህቴ ይጠይቁኛል፣ እኔም እነግራቸዋለሁ።

ዛሬም ጠየቁኝ። «ማክሰኞ ተመርምራ ነበር፤ ንጹሕ ናት» አልኩ። አጨበጨቡላት።

ቅዳሜ፣ 7

እህቴ ከሰዓት በኋላ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። ክሩን፣ ዚፑን፣ ቁልፉን፣ ገበሩን ሁሉ የምትወስደው ከእኔ ሱቅ ነው። ልጇ ሚጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትመረቃለች፤ ለምረቃው ለራሷ ቀሚስ እየሰፋች ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ገበርሽ ጉድ ሠራኝ» እያለች ቀሚሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «ቀኙ ልክክ ብሏል። ግራው ግን ደረቴ ላይ ይስበኛል። ሁለቴ ተርትሬ ሁለቴ መልሼ ሰፋሁት። ተኩሼው ተኮማትሮ መሆን አለበት።»

«ግራው ብቻ?»

«ግራው ብቻ።»

ያንን ገበር አውቀዋለሁ። ማንኛውንም ገበር ከመግዛቴ በፊት ቁራጭ ወስጄ ውሃ ውስጥ አሳድራለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ እተኩሰዋለሁ፣ በሜትር እለካዋለሁ። ያኛው የክር ውፍረት ያህል እንኳ አልተኮማተረም። ደግሞም ገበር ቀኝና ግራ አይለይም፤ ሁለቱም ጎን ከአንድ ቁራጭ ነው የሚቆረጠው። ይህን እሷም ታውቃለች። ሃያ ዓመት ሰፍታለች። ግን ከገበሩ በቀር ምን ትጠርጥር?

ከመደርደሪያው ሌላ ጣቃ አውርጄ ቆረጥኩላት። «ይቅርታ፣ የዕቃው ጥፋት ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ በሩን አየች። በሩ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከእሱ የተነሣ ገበያው ሁሉ «አይመለስም» እያለ ነው የሚጠራኝ።

«እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ስትወጣ ዞር ብላ «ላንቺም ልስፋልሽ፣ ነይ ልለካሽ» አለች።

«ተዪኝ፣ የተሰፋ ልብስ ይበቃኛል።»

ሁልጊዜ እንዲህ እላታለሁ። የእሷ እጅ ሲለካ ብዙ ነገር ያውቃል።

እሑድ፣ 8

ሱቅ የለም። ስለዚህ ማሰብ አለ።

እናታችንና የእናታችን እህት በጡት ካንሰር ነው የሞቱት። ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም ይህን ሰምቶ ደሜን አስመረመረኝ። ውጤቱን ሲነግረኝ በወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሣለ አስረዳኝ። «ለእህትሽ ንገሪያት። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው ለየብቻ ነው የሚወጣው፤ ያንቺ ውጤት የእሷን አይወስንም።» እነግራታለሁ አልኩት።

በቀጥታ ወደ መስፊያ ቤቷ ሄድኩ። የእናታችን የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። እግሯ ከመርገጫው ሳይነሣ «ምን አሉሽ?» አለች።

«ነፃ ነኝ።»

መኪናው ቆመ። ተነሥታ አቀፈችኝ፤ ጉንጬ በእንባዋ ረጠበ። «አንቺ ነፃ ከሆንሽ እኔም ነፃ ነኝ! የአንድ እናት ልጆች አይደለን?» አለች።

እዚያ ላይ ማረም እችል ነበር። የራሴን ደብቄም ቢሆን «አንቺ ለብቻሽ ተመርመሪ» ማለት እችል ነበር። «እንግዲህ» አልኩ። ያች አንድ ቃል አራት ዓመት ሠራች።

እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እላለሁ። ሚጣ ፈተና ላይ ነበረች እላለሁ። ወሬው ገበያ ከገባ የትኛው አከፋፋይ ዕቃ አምኖ ይሰጠኛል እላለሁ። ሁሉም ደህና ምክንያቶች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ብዘረጋቸው ገዢ አያጡም።

እናታችን ስትታመም እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አሥራ አምስት። ቁስሉን የምታጥበው እሷ ነበረች። እኔ ፋሻ እገዛ ነበር። ጥሩ ፋሻ ነው የምገዛው። በሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ ክፍሉ ይሸት ነበር። አንድ ቀን እናታችን «ትልቋስ?» ስትል፣ እህቴም «ገበያ ናት» ስትላት በሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። ፋሻው እጄ ላይ ነበር።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከገበሩ ጋር አይገናኝም።

ሰኞ፣ 9

ጫማ ሻጩ ገና ሱቅ ሳልከፍት ጀመረኝ። «አይመለስም መለሰች አሉ! እኔም የአምናውን ማሰሪያ ላምጣዋ!»

«አንተ ያምናውን ሚስትህን መልስ» አልኩት። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ምሳ ሦስት ሰው ዚፕ ሊመልስ መጣ።

ሐሙስ፣ 12

ተራዬ ሲደርስ እንደ ቀላል ነገር አድርጌ አነሣሁት። እህቴ ቀሚስ ሰፍታ፣ በግራ በኩል ደረቷ ላይ ሳባት፣ ገበሩ ነው አለች፤ ይሆናል ወይ አልኩ።

ሹፌሯ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «እኔ ብሆን ቀሚሱን ትቼ ቀሚሱ ውስጥ ያለችውን ነው የማየው። ዛሬውኑ ውሰጃት። በአውቶቡሴ አደርሳችኋለሁ፤ ፌርማታ ላይ እንኳ አልቆምም።»

መምህርት ግን መነጽሯን አወለቀች። «ባለፈው ሐሙስ ተመርምራ ንጹሕ ናት ብለሽን ነበር።»

«አዎ።»

«ታዲያ በሳምንቱ?»

«ያኔ ሌላኛው ጎን ነበር» አልኩ። ምንም ትርጉም የለውም። አንድ ጎን የሚመረምር ሐኪም የለም። መስኮቱ ይንኳኳ ነበር።

«ነገ እወስዳታለሁ» አልኩ።

ዓርብ፣ 13

ክር ገባ። አሥራ ሁለት ካርቶን። የሁለቱ ቀለም ተሳስቷል፤ ስልክ፣ ጭቅጭቅ፣ መልሶ መጫን። ሰኞ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ 16

አልሄድኩም። ዝናብ ነበር።

በዝናብ ገበያ ቀርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 17

እህቴ ፊቷ በርቶ መጣች።

«ገበርሽን በከንቱ አማሁት እትዬ። አዲሱም ሳበኝ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስቆርጥ ግራውን አጥብቤዋለሁ። ዓይኔ ደከመ መሰለኝ። አሁን ግራውን በአንድ ጣት አሰፋሁት፤ ዝም አለ። መስታወት ፊት ቆሜ አየሁት፣ ምንም አይታወቅም።»

ሃያ ዓመት የሰውን ትከሻ ከሩቅ አይታ የምትቆርጥ ሴት ዓይኔ ነው፣ እጄ ነው እያለች ራሷን ትወቅሳለች። እኔም «ዕድሜ ነው፣ ሁላችንም እየደከምን ነው» አልኳት። አልኳት! መርፌ የምታይበት መነጽር እንድትገዛ እንኳ መከርኳት።

የለወጥኩላትን ገበር የፈተና ቁራጭ ከመሳቢያው አውጥቼ እንደገና ለካሁት። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ልኩ ያው ነው።

ሐሙስ፣ 19

ስብሰባ አልሄድኩም። ምን ብዬ?

እሑድ፣ 22

ምረቃው አለፈ። ሚጣ ከመድረኩ ስትወርድ እናቷን አቀፈች፤ እህቴ ትንሽ ጨነቃት፣ በግራ ክንዷ ከለከለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ሁሉ ቀሚሱን አደነቀ። አንዷ «እንደ ቆዳሽ ሆኖልሻል» አለቻት።

ማምሻውን ወደ መስፊያ ቤቷ አብሬያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ «እስቲ ዚፑን ፍቺልኝ» አለች። ፈታሁት። ቀሚሱ ከትከሻዋ ሲወርድ መስታወቱ ውስጥ አየሁት። ከግራ ጡቷ ሥር ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከውስጥ በክር የተሳበ ይመስላል።

«ገበሩ አልሳበም» አልኳት።

«ምን?»

«ገበሩ። አልተኮማተረም። ከመግዛቴ በፊት በውሃ ፈትኜዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ለወጥሽልኝ?»

«እኔ ነፃ አይደለሁም። ያኔም አልነበርኩም። በደሜ አለ። አንቺንም ተመርመሪ ማለት ነበረብኝ።»

መስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ዞር አላለችም። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ጡቷ ሄደና እዚያው ቀረ።

«ሚጣስ?» አለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው።

«ሚጣም መመርመር አለባት።»

«ውጪልኝ፣ ልብስ ልቀይር» አለች።

ወጣሁ። በሩ ጀርባ ቆምኩ። ብዙ ቆየች። ስታለቅስ አልሰማሁም፤ መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ሰማሁ።

ረቡዕ፣ 25

ሚጣም ጭምር አብረን ሄድን።

የመሣሪያዋ ባለሙያ ገና በሩን ስንከፍት «ተመስገን! ዛሬስ ሰው ይዘሽ መጣሽ!» አለች። እህቴ እሷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን።

«ስንት ጊዜ መጥተሻል?»

«ዘጠኝ።»

«ዕቃ ላመጣ ነው እያልሽን?»

«አዎ።»

ባለሙያዋ ስትሠራ ጨዋታዋን አቆመች። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ተመለሰች። ናሙና ተወሰደ። የሚጣም ደም ተወሰደ። ሚጣ «አክስቴ፣ አይዞሽ» አለችኝ። እኔን!

ሰኞ፣ 30

ካንሰር ነው። ወደ ሌላ አካል አልሄደም፤ መጀመሪያ መድኃኒት፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና። ይታከማል አለ ሐኪሙ። ቀጥሎም የእኔን ፋይል ከፍቶ አየና «በክትትል ላይ ብትሆን ኖሮ ገና ሩዝ ሲያክል…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። መጨረስም አልነበረበትም።

እህቴ የነበራት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እጄ ይደነዝዛል ወይ፣ መርፌ መያዝ እችላለሁ ወይ አለች። ጣቶችሽ ለጊዜው ሊደነዝዙ ይችላሉ አላት። ጣቶቿን አየቻቸው።

ስንወጣ «አልሸኝሽም» አለችኝ። እኔ ነበርኩ የምሸኛት። ሁለታችንም ስህተቱን አላረምንም።

ማክሰኞ፣ 1

ሚጣ ደወለች። «አክስቴ፣ እናቴን ሐኪም ቤት አንድ ስብሰባ አለ ብለዋታል፤ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ። ብቻዬን አልገባም፣ እትዬ ትምጣ ትላለች።»

እመጣለሁ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ቁልፍ ስቆጥር ዋልኩ። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ሆነ።

ሐሙስ፣ 3

ደረጃው ላይ ልነግራት ወስኜ ነበር። ሃያ ሁለት ደረጃ አለ፤ ይበቃል። አሥረኛው ላይ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አልኩ።

ቆመች። እጇ መደገፊያው ላይ ነው። «ሌላም አለ?»

ፊቷን አየሁት። «የለም» አልኩ።

ስንገባ ሹፌሯ «ይህችስ ማን ናት?» አለች።

«እህቴ።»

ክፍሉ በሙሉ ተነሣ። ሹፌሯ ያዘቻት፣ አገላብጣ ሳመቻት። «አንቺ ነሽ! አንቺ ፈሪ! ዓመት ሙሉ ወንበር ይዘን ስንጠብቅሽ!» መምህርት እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። «እንቅልፍሽስ ተሻለ? ሌሊት እየባነንሽ ገላሽን መዳበሱን ተውሽ?»

እህቴ አንገቷን አዞረች። አየችኝ። ሰው ገና በር ላይ እያለ ልኩን የምታውቅ ሴት ናት፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲገባት አየሁ። «የምን ዳበሳ?» ብትል ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

«አልተውኩም» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉን ነግራችኋለች ማለት ነው።»

«ሁሉን!» አለች ሹፌሯ። «ፋሻውን እንኳ። እናትሽ ስትጠራሽ በሩ ጀርባ ቆመሽ ሰምተሽ ሳትገቢ የሄድሽበትን። እኔ የምልሽ፣ ራስሽን ይቅር በይ። ልጅ ነበርሽ።»

ያኔ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እህቴ ናት። ውሃውንና ጨርቁን ይዛ «ገበያ ናት» ያለችው እሷ ናት።

ወደ እኔ ዞረች። ሰው እንዳለ የረሳች መሰለች። «በሩ ጀርባ ነበርሽ?» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኩ። ከዚያ ወደ መምህርት ዞሬ ተናገርኩ፤ ድምፄ የሱቅ ድምፅ ነበር፣ ሌላ ድምፅ የለኝም። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። በደሜ ከተገኘ አራት ዓመቴ ነው። የምትባንነውም፣ ፋሻ ይዛ የቆመችውም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ባለማወቋ አሁን ታማለች።»

ማንም አላጨበጨበም። መምህርት መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ሹፌሯ ለአንዴ ቀልድ አጣች። «እንግዲያው ወንበርሽን ጠጋ አድርጊ» አለችኝ። «ዓመት ሙሉ በሩ ሥር ነው የምትቀመጪው።»

ጠጋ አደረግሁ። የእህቴ ክንድ ክንዴን ነካው። አላራቀችውም፤ አላስጠጋችውም።

ማክሰኞ፣ 8

የሚጣ ውጤት መጣ። የላትም። በእህቴ ደም ግን ተገኝቷል። እህቴ በስልክ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፤ «ሚጣ የላትም፣ ወረቀቱን ራሴ አንብቤዋለሁ።»

ራሴ አንብቤዋለሁ። ልክ ናት።

ቅዳሜ፣ 12

እህቴ አስጠራችኝ። ሰኞ መድኃኒቱን ትጀምራለች። መስፊያ ቤቷን እያስተካከለች ነበር፤ ያላለቁትን ልብሶች ለሌላ ሰፊ ልታስተላልፍ ጠቅልላቸዋለች።

«በሩን ዝጊና ሸሚዝሽን አውልቂ» አለች።

«ለምን?»

«እለካሻለሁ። ጣቶቼ ሳይደነዝዙ።»

አወለቅሁ። እንደ ተማሪ ክንዴን አንሥቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ሜትሩ ይቀዘቅዛል፣ እጇ ይሞቃል። ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ደረቴን ለካች። አልተቸኮለችም። እንድታየኝ ፈርቼ የኖርኩትን ሁሉ አየችው፤ ያለቀሰችው ግን ጀርባዬን ስትለካ ነው፣ አየር ስትስብ አወቅሁ። መሐረብ ላቀብላት ዞር ልል ስል «አትንቀሳቀሺ፣ ልኩን ታበላሺብኛለሽ» አለች።

ከዚያ አሮጌውን የልክ ደብተር ከፈተች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በእናታችን እጅ የተጻፉ ናቸው። አንድ ገጽ ላይ ቁጥሮቼን በተርታ ጻፈች፣ ከጎኑ ባዶ ቦታ ተወች።

«ይህ ለምንድን ነው?»

«ለኋላው። ሐኪሙ ማስወገድ ትችያለሽ እንዳለሽ ነግሮኛል። ብትወስኚ የፊተኛው እዚህ አለ፣ የኋላውን ከጎኑ እጽፋለሁ።» ገጹን ገለበጠች። በሚቀጥለው ገጽ ላይ የራሷ ቁጥሮች ነበሩ፤ ከጎናቸውም ባዶ ቦታ። ግራውን በአንድ ጣት አስፍታ የጻፈችውን ሰርዛ ትክክለኛውን ልክ ጽፋለች።

«አልረሳውም እትዬ» አለች። «ይቅር ብያለሁ እንድል አትጠብቂ። አሁን አቅሙ የለኝም።»

«አልጠብቅም።»

«ሰኞ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«የሆነ ነገር ገዝተሽ በር ላይ አስቀምጠሽ እንዳትሄጂ። ወደ ውስጥ ግቢ። ቢሸትም።»

«እገባለሁ።»

እሑድ፣ 13

ነገ ሱቁ ዝግ ነው። በሩ ላይ የምለጥፈውን ወረቀት አሁን ጻፍኩ። እጄ ከልማዱ «ዕቃ ላመጣ ሄጃለሁ» ብሎ ጀመረ፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ «እህቴን ላሳክም ሄጃለሁ» ብዬ ጻፍኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከሚለው በላይ፣ ገበያው ሁሉ በሚያነበው ቁመት ለጠፍኩት።

እሑድም የማይዘጋው ጫማ ሻጭ አነበበው። «ደንበኛ ቢመጣብሽ እኔ እሸጥልሻለሁ፣ ዚፑና የልብስ ቁልፉ የት እንዳለ አሳዪኝ» አለኝ።

አሳየሁት።